የቫልኮር በረኛ

«ቀኑ ትክክል መሆኑን እስቲ እዪልኝ» አለ አባቷ ሳህሉ፣ ወረቀቱን ወደ ዮዳሄ ገፋ እያደረገ። «ከዚያ የምፈርምበትን አሳዪኝ። የአፓርታማው ኦፊስ ሊዘጋ አንድ ሰዓት ነው የቀረው።»

ወረቀቱ የቤት መልቀቂያ ኖቲስ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አስራ አንድ ዓመት የኖሩበትን ባለሁለት መኝታ አፓርታማ ለቀው፣ ሀያትስቪል ወዳለ ባለአንድ መኝታ ሊገቡ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ማን ይመስላችኋል? እሷው ራሷ! ልጅቷ ፈረንሳይ ከሄደች ባዶ ክፍል ይዘን ምን እናደርጋለን ተብሎ።

ዮዳሄ አስራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የእጅ ኳስ በረኛ ናት። እዚህ አገር እጅ ኳስ የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ማግኘት አበሳ ነው። አባቷ ግን በልጅነቱ አዲስ አበባ ለትምህርት ቤቱ ተጫውቷል፤ እሷም ፓርኪንጉ ውስጥ ግድግዳ ሥር አቁሟት ኳስ ሲለቅባት ነው ያደገችው። ቅዳሜ ቅዳሜ የወንዙን ድልድይ ተሻግሮ አሌክሳንድሪያ ወዳለ ትንሽ ቡድን ይወስዳታል። ቪዲዮዋን ቫልኮር ለሚባል የፈረንሳይ የሴቶች ፕሮፌሽናል ክለብ የላከችው የቡድኑ አሰልጣኝ ናት። ክለቡ ወጣቶችን እያሳደረ ያስተምራል፣ ያሰለጥናል።

መልሱ የመጣው ኤፕሪል ላይ ነበር፣ ከልምምድ ሲመለሱ፣ መኪና ውስጥ። ዮዳሄ ስልኳ ላይ የመጀመሪያውን መስመር አየችና «አባዬ፣ ተቀበሉኝ!» አለች። በቃ፣ ይቺኑ ነው ያለችው። የትራፊክ መብራቱ አረንጓዴ ሳይሆን አባቷ ለእናቷ ኮል አደረገ፣ ከዚያ ውድብሪጅ ላለው ወንድሙ፣ ከዚያ ለቤተክርስቲያኑ ሰብሳቢ ለአቶ ወልደአምላክ። ቀሪውን ያነበበችው ያኔ ነው። ለካ የጠሯት ለስድስት ቀን ሙከራ ነው። ሠላሳ አራት ልጆች ይመጣሉ፤ ከበረኞቹ የምትወሰደው አንዲት ብቻ ናት። «ቆይ አባዬ» ልትል አፏን ከፈተች። አባቷ መሪውን እንደያዘ ያለቅስ ነበር። ሲያለቅስ አይታው አታውቅም። አፏን መልሳ ዘጋች።

ነገ እነግረዋለሁ አለች። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ሁለት ወር። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በማይክሮፎን ተነገረ፣ እልልታው ቀለጠ። ከዚያ ካፖርት መምጣት ጀመረ። ፈረንሳይ ብርድ ነው ያሉ እናቶች በዚህ በጁን ሙቀት ካፖርት ተሸክመው ይመጣሉ፤ እስከ ትናንት ሰባት ደርሷል። አልጋዋ ላይ ስለተቆለለ ዮዳሄ የምትተኛው ጥግ ይዛ ነው። የፊታችን እሁድ ደግሞ ሽኝት አለ፤ አዳራሹ ተይዟል፣ ኬኩ ታዟል። እውነቱን የምታውቀው የቡድን ጓደኛዋ ሰሊና ብቻ ናት። እሷም ሄደሽ ማለፍሽ አይቀር፣ ምን አስጨነቀሽ፣ ጀስት ቺል አድርጊ ብላ ገላገለቻት። ዮዳሄ ግን እንቅልፍ አጥታለች፤ ሰው እንኳን ደስ አለሽ ባላት ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጣለች።

ደብዳቤውን ለምን ሌላ ሰው አላየውም ትሉ ይሆናል። በዚህ ቤት ወረቀት የምታነብ እሷ ናት። ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ የኢንሹራንሱን፣ የሆስፒታሉን፣ የትምህርት ቤቱን ደብዳቤ እያነበበች በአማርኛ ትነግራቸዋለች። አባቷ ሹፌር ነው፤ እንግሊዝኛው ከተሳፋሪ ጋር ለመጫወት ይበቃዋል፣ ወረቀት ግን እሷ ሳታየው አይፈርምም። እሷ ካነበበችው ተነበበ ማለት ነው።

«ምነው ዝም አልሽ? ስህተት አለው?»

«የለውም» አለች። «ግን አንዴ ከሰጠነው መመለስ አይቻልም ይላል። ቤቱን ለሌላ ሰው ያከራዩታል።»

«ታዲያ ተመልሰን ምን እንሠራለን?» ብሎ የእስክሪብቶውን ክዳን ነቀለ።

ዮዳሄ እናቷን አሰበች። ከሀያትስቪል ሥራ ቦታዋ ለመድረስ ሁለት አውቶቡስ መቀያየር ሊኖርባት ነው። ለልጄ ከሆነ በእግሬም እሄዳለሁ እያለች ስትስቅ ነው የሰነበተችው። የእስክሪብቶው ጫፍ ወረቀቱን ነካ።

«አባዬ፣ አትፈርም።»

ስልኳን አወጣችና ደብዳቤውን ከፈተች። ልክ እንደ ኢንሹራንሱ ወረቀት፣ መስመር በመስመር፣ አንድም ሳትዘል በአማርኛ አነበበችለት። ሙከራ የሚለውን ሁለቴ አነበበችው።

አባቷ የእስክሪብቶውን ክዳን መልሶ ገጠመ። «መቼ ነው ያወቅሽው?» አለ።

«የዚያኑ ዕለት። መኪና ውስጥ።»

ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። እሱ ግን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ሳይኖር ድምፁን ዝቅ አደረገ። ለእናትሽ አትንገሪያት አለ። ኦፊሱ ተዘግቶ ደረስኩ እላታለሁ፤ የእሁዱም ሽኝት በሰላም ይለፍ። ይሄን ሁሉ ሰው ሰብስበን በምን ዓይናችን እናየዋለን?

«ደግሞ ታልፊያለሽ» አለ። «አንቺን የመሰለ በረኛ ከየት ያመጣሉ? እኔና አንቺ ዝም ካልን ማን ያውቃል?»

ዮዳሄ ቀለል ሊላት የነበረው ልቧ መልሶ ከበዳት። እስከ ዛሬ በዚህ ምስጢር ብቻዋን ነበር የታሰረችው፤ አሁን አባቷም ገብቶ አጠገቧ ሊቀመጥ ነው። ፓርኪንጉ ውስጥ ያ ሁሉ ጎረቤት እያየው ኳስ ሲለቅባት የማያፍር አባቷ፣ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ዓይኑ ሲንከራተት ስታይ አሳዘናት።

«ካላለፍኩስ?» አለችው።

አባቷ ወረቀቱ ያለበትን ኪሱን ዳበሰ።

ደረጃው ላይ የእናቷ ኮቴ ተሰማ። ዓባይነሽ በሩን ከፍታ ገባች፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ የዋለች ሴት ናት፣ ፊቷ ገርጥቷል። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጣል አድርጋ ባሏንም ልጇንም አየቻቸው።

«እህስ፣ ተፈረመ?»

«ኦፊሱ...» ብሎ ጀመረ አባቷ፤ ከዚያ ዮዳሄን አየት አደረጋት። ዓይኑ ይለምናታል። ለእሱ ስትል ዝም ብትል ደስ ባላት ነበር።

ተነስታ ወንበር ሳበች።

«እማዬ፣ ነይ ቁጭ በይ» አለች። «የማነብልሽ ደብዳቤ አለ። እስከ መጨረሻው።»