ያልበላው ቅጠል

የዘር ምርምር ጣቢያው ተመራማሪ ዶክተር በደረቱ ተደፍቶ ነው የተገኘው። ቀኝ እጁ የበሩን እጀታ ሊይዝ ሁለት ስንዝር ሲቀረው እዚያው ቀርቷል። ከጣሪያው የተንጠለጠሉት መብራቶች ቦግ ብለዋል፤ ግራና ቀኝ በመደርደሪያ ላይ የተደረደሩት የባቄላ ችግኞች ቅጠላቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ክፍሉ መስኮት የለውም። ተክሎቹ ብርሃናቸውን የሚያገኙት ከመብራቱ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ደግሞ መተላለፊያው ላይ ከቆመው የጋዝ ሲሊንደር በቱቦ ይመጣላቸዋል። ለተክል ቀለብ የሆነው ይኸው ጋዝ ሲበዛ ሰውን አፍኖ ይገድላል።

መርማሪዋ ሬሳውን አይታ ቀና ስትል ዓይኗ ካቴና ላይ ወደቀ። ካቴናው የገባው ግድግዳ ተደግፎ በቆመው በሽማግሌው አትክልተኛ እጅ ላይ ነበር። የጥፍሩ ሥር ገና አፈር አለበት።

«ማን ነው ያሰራቸው?»

«እኔ ነኝ» አለ ተረኛው ፖሊስ። «ነገሩ ግልጽ ነው እኮ። ጠዋት ጋዙን ከፍቶ ሳይዘጋው ሄደ። ሥራ አስኪያጁ ነግረውኛል።»

«ነገሩህና አሰርክ! ታዲያ እኔን ለምን ጠራችሁኝ? ለቀብር?»

ባልደረቦቿ «እሾህ» ይሏታል፤ እሷም ስሙን አትጠላውም። ደሟን የሚያፈላው አንድ ነገር አለ፤ ትልቅ ሰው ባለበት ቤት ነገር ሲበላሽ ሁልጊዜ የሚያዘው ታች ያለው ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! ውጭ የፖሊስ መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ሽማግሌውን ይጠብቃል። አንዴ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ «ሰው ገደለ» ተብሎ ከተጻፈበት፣ ያንን ለማስፋቅ የቀረው ዕድሜ አይበቃውም።

«ሞተሩን አጥፉት። ማንም የትም አይሄድም» አለችና ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባባ፣ ዛሬ ምን አደረጉ?»

«እሑድም ቢሆን ጠዋት አንድ ሰዓት እመጣለሁ። በበሩ መስታወት ሳይ ክፍሉ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ሄጄ ለሥራ አስኪያጁ ነገርኳቸው። ‹ባለሙያ እጠራለሁ፣ አንተ ወደ ቤትህ ሂድ› አሉኝ። ሄድኩ። አሁን ከቤቴ ያመጡኝ ፖሊሶቹ ናቸው።»

«ጋዙንስ አልከፈቱም?»

ሽማግሌው እንደተሰደበ ሰው አያት። «በጨለማ? ልጄ፣ ተክል እኮ ምግቡን ራሱ ነው የሚሠራው። ውሃውን በሥሩ ይስባል፤ ጋዙን በቅጠሉ ይወስዳል፤ የሚያበስልበት እሳቱ ብርሃን ነው። እሳት ሳይነድ ማን ድስት ይጥዳል? ሃያ ስድስት ዓመት መጀመሪያ መብራት፣ ቀጥሎ ጋዝ ነው። አንድም ቀን ተዛንፎብኝ አያውቅም።»

 መርማሪዋ ክፍሉ ገብታ ከአምስት የተለያዩ መደርደሪያዎች አምስት ቅጠል ቀጠፈች። ወደ ግቢው ወጥታ ደግሞ ፀሐይ ላይ ከተቀመጠ የባቄላ ተክል አንድ ቅጠል ጨመረች። ፖሊሱ ‹ለሰላጣ ነው ወይ?› ሊላት ፈልጎ ፊቷን ሲያይ ተወው።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ውስጥ ነበር። ጫማው ያብረቀርቃል፤ ሐዘኑም እንደ ጫማው በደንብ ተወልውሏል።

«ከማለዳ ጀምሮ እዚህ ነኝ» አለ። «ክፍሉ ፊት ለፊቴ ነው፤ በበሩ መስታወት ይታየኛል። መብራቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ አንዴም ሳይጠፋ በርቷል። ሽማግሌው ጋዙን ከፈተና ረሳው። ዕድሜ ነው፤ እኔ አልፈርድበትም።»

«እርስዎ አይፈርዱም፤ ካቴናው ግን እጃቸው ላይ ነው። ጋዝ ሲበዛ የሚጮህ ደወል አለ አሉ። ለምን በጊዜው አልጮኸም?»

«ያረጀ ደወል ነው። ሲያሻው ይጮሃል፣ ሲያሻው ይተኛል።»

ዘበኛው ግን ሌላ ነገር ነበረው። «ዶክተሩ ሰባት ሰዓት ላይ እየሮጡ መጡ። ፊታቸው ደም መስሎ፣ ‹ተክሎቼን ገደሉብኝ!› እያሉ አለፉኝ። ደወሉ የጮኸው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ሮጬ ጋዙን ዘጋሁ፣ በሩን በረገድኩ፣ ወድቀው አገኘኋቸው።»

«መብራቱስ?»

«ያን ጊዜ በርቶ ነበር።»

«ማብሪያ ማጥፊያው የት ነው?»

«ሥራ አስኪያጁ ቢሮ፣ የተቆለፈ ሳጥን ውስጥ። ቁልፉ ከእሳቸው ኪስ አይወጣም። መብራቱም ደወሉም በአንድ መስመር ነው የሚሠሩት።»

የፖሊስ ሐኪሙ ሬሳውን መርምሮ ሰውዬው ከሞተ ሦስት ሰዓት ገደማ ሆኖታል አለ። መርማሪዋ ይህን ከያዘች በኋላ የዶክተሩን ረዳት ጠራቻት። ረዳቷ የእህቱ ልጅ ናት፤ ተክል ማጥናትን ያስተማራትም እሱ ነው።

«ከአጎትሽ ጋር ተጣልተሻል ይባላል።»

«ማን ነገረሽ? ... አዎ፣ ትናንት ተጣልተናል።» ዓይኗ ቀልቷል። «በጥላ ሥር ያፈራል ብለን ለገበሬ ያደልነው ዘር አለ። ውሸት ነው! የአጎቴን ውጤት ለውጦ ያሳተመው ሥራ አስኪያጁ ነው። ገበሬው ዛፍ ሥር ዘርቶ ጭድ አጨደ። አጎቴ ነገ ሰብስቧቸው እውነቱን ሊናገር ነበር። እኔ ‹ተው፣ ያባርሩናል› አልኩት። ፈሪ ነኝ!»

«ዛሬ የት ነበርሽ?»

«አትክልተኛውን ሲያስሩ እስክደርስ ድረስ ቤቴ ነበርኩ። ብቻዬን። ማንም አይመሰክርልኝም።»

«እንግዲህ ሌላ ምስክር እንፈልጋለን» አለች መርማሪዋ።

ሁሉንም ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሽማግሌው ካቴናው እንደገባ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። መርማሪዋ ውሃ አፍልታ ስድስቱን ቅጠሎች ነከረቻቸው። እሳቱን አጥፍታ፣ በሙቁ ውሃ መሃል ባስቀመጠችው የአልኮል ብርጭቆ ውስጥ ከተተቻቸው። አልኮሉ ቀስ እያለ አረንጓዴ ሆነ፤ ቅጠሎቹም ነጡ። አጥባ ነጭ ሳህን ላይ አሰለፈቻቸው።

«የሰባተኛ ክፍል ትምህርት ነው» አለች። «ተክል በብርሃን ምግቡን ሲሠራ፣ የተረፈውን ስታርች አድርጎ ቅጠሉ ውስጥ ያስቀምጣል። ስታርች አዮዲን ሲነካው ይጠቁራል። ሌሊት ያንኑ ቀለብ ይበላዋል፤ በማግስቱ ብርሃን ካላገኘ ቅጠሉ ባዶ ነው።»

ግቢው ውስጥ ከነበረው ተክል የመጣው ቅጠል ላይ አዮዲን አንጠባጠበች። ጠቆረ። ወደ አምስቱ ዞረች። አንዱም አልጠቆረም፤ የአዮዲኑን ቡኒ ቀለም እንደያዙ ቀሩ።

«እነዚህ ቅጠሎች ከትናንት ጀምሮ አልበሉም» አለች። ድምፅዋ መጨመር ጀመረ። «ስለዚህ ክፍሉ ቀኑን ሙሉ ጨለማ ነበር፤ አባባ እንዳሉት። ዶክተሩም ‹ተክሎቼን ገደሉብኝ› ያለው መብራቱ መጥፋቱን ሰው ስለነገረው ነው፤ ሮጦ የገባውም አስቀድሞ በጋዝ የተሞላ ክፍል ውስጥ ነው። በጨለማ ደግሞ አባባ ጋዝ አይከፍቱም። ታዲያ የከፈተው ማነው? መብራቱን ያጠፋ ሰው ነው። ለምን አጠፋ? መብራት ሳይጠፋ ደወሉ ዝም አይልም! ዶክተሩ ሲሞት ያልጮኸ ደወል አሥር ሰዓት ላይ የጮኸው መብራቱ ያን ጊዜ ስለተመለሰ ነው። ሰውዬው የመለሰውም፣ መብራቱ እንደበራ ከተገኘ ጥፋቱ አትክልተኛው ላይ እንደሚወድቅ አስቦ ነው።»

«ረዳቷስ ብትሆን?» አለ ፖሊሱ።

«እሷማ ዘግይቶ ማብራት ቅጠልን እንደማያታልል ታውቃለች። አባባም ያውቃሉ። ዘበኛው የሳጥኑ ቁልፍ የለውም። ቁልፍ ያለው አንድ ሰው ነው፤ መብራቱ አንዴም አልጠፋም ያለኝም ያው ሰው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በቅጠል መሃል ተቀምጦ ቅጠል እንዴት እንደሚበላ አልጠየቀም!»

ሥራ አስኪያጁ ሊስቅ ሞከረ። «በቅጠል ነው እኔን የምታስሩኝ?»

«በዘበኛው ቃል፣ በኪስዎ ቁልፍ፣ በደወሉ፣ በራስዎ ውሸት። ቅጠሉ ትርፍ ነው።»

ሰውዬው ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። «ጣቢያውን ሊያዘጋው ነበር! የሃምሳ ሰው እንጀራ ሊቆርጥ ነበር! ተው ብዬ ለመንኩት!»

«የሃምሳ ሰው!» መርማሪዋ ጮኸች። «ዘርህን አምኖ ዘርቶ ጭድ ያጨደውን ማን ቆጠረው? አባባን በቁማቸው ልትቀብራቸው ስትነሳ ከሃምሳው አንዱ አልነበሩም?»

ፖሊሱ የሽማግሌውን ካቴና ፈታ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ አባባ» አለ። ካቴናው ሥራ አስኪያጁ እጅ ላይ ገባ።

ረዳቷ እንባዋን ጠርጋ፣ «ነገ ለገበሬዎቹ እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች።  ሁሉም ግን የሚያዩት ሽማግሌውን ነው። እሱ የቀላውን አንጓውን እያሸ ተነሳ።

«አንተን ምን እልሃለሁ» አለው ሥራ አስኪያጁን፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለው። «አንተስ ጠላቴ ነህ።» ወደ ዘበኛው ዞረ፣ ከዚያ ወደ ረዳቷ። «እናንተስ? ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ኖረናል። አንቺን አጎትሽ ይዞሽ ሲመጣ ትከሻዬ ላይ ተሸክሜሻለሁ። ካቴና ሲያስገቡብኝ ሁለታችሁም ቆማችሁ ነበር። አንዳችሁ እንኳ ‹እሱ ይህን አያደርግም› አላችሁ?»

ዘበኛው አንገቱን ደፋ። 

መርማሪዋ በመኪና ላድርስዎ አለችው። ሽማግሌው እምቢ አለና ግቢውን አቋርጦ በእግሩ ወጣ፤ በሩ ላይ ያለው የዘበኛው ወንበር ባዶ ስለነበር የውጭውን በር ራሱ ከፍቶ ራሱ ዘጋው።