የመዲና አሥራ ስምንት ክኒኖች

መዲና በተሰደደችበት ከተማ፣ ሪያድ በሚባለው ሰፈር፣ ከምትሠራበት ቪላ ጀርባ፣ በሠራተኞች ክፍል ውስጥ፣ ጉንጯን በሻሽ እንዳሰረች ሞታ ተገኘች። የረመዳን አሥራ ሦስተኛ ቀን ነበር። ድሮ ኮምቦልቻ የፖሊስ መርማሪ የነበረችው፣ አሁን አል-ሳሃፋ ሰፈር ልብስ የምትሰፋው ወይንሸት ለአስተርጓሚነት ተጠራች። ሰልፈኞች መንገዱን በድንጋይና በጎማ ስለዘጉት በእግሯ መጣች። ፖሊሱ ተውፊቅ «ራሷን አጠፋች» ብሎ መጻፍ ጀምሯል። ወረቀቱ ወሎ ላለችው የመዲና እናት ይነበባል።

«ክኒኑ የድብርት ነው» አለች የቤቱ እመቤት ዘኪያ። «ያለውን ሁሉ ዋጠችው። ሌላ ምን ይጻፍ?»

«ሦስት ጥርስ ተነቅሎላትም ሕመሙ አልለቅ ብሏት ነበር» አለች አብራት የምትሠራው ሬሕማ፣ ዓይኗን ሳታነሳ። «ሐኪሙ ‹የጥርስ አይደለም፣ የነርቭ ነው፤ ይኼ ክኒን ለዚህም ይሰጣል› ብሎ በየማታው አንድ እንድትውጥ ሠላሳ ፍሬ አዘዘላት። ቶሎ አያሽልም፣ ታገሺ ብሏታል።»

«በየማታው ትውጥ ነበር?» አለች ወይንሸት።

ዘኪያ ቀደመች። «አንድም ቀን አላቋረጠችም!»

ወይንሸት የክኒኑን ባዶ ማሸጊያ አንስታ አሸተተች። ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያም ብዙ አየችው። አሥራ ስምንት ቀናት ነጥብ ተደርጎባቸዋል፤ ሁሉም በአንድ እስክሪብቶ ተሰርዘዋል።

ሳሎን ሰበሰበቻቸውና ስለ ነጥቦቹ ጠየቀች።

«ያልጾመቻቸው ቀናት ናቸዋ» አለች ዘኪያ። «ሴት አይደለች?»

«የወር አበባ አሥራ ስምንት ቀን አይቆይም፣ ሲት ዘኪያ። ስድስቱ ደግሞ ረመዳን ሳይገባ ነው። ነጥቦቹ ክኒን ያልዋጠችባቸው ቀናት ናቸው። ከሠላሳው አሥራ ሁለቱን ዋጠች፣ ከዚያ ተቋረጠ። ማሸጊያው የእርስዎን የኹምራ ሽቶ ይሸታል፤ ሠራተኛ በማይከፍተው የሽቶ መሳቢያ ከርሟል።»

«ታንቀላፋለቻ! ረመዳን ሲገባ ለሱሑር ምግብ አትነቃልኝም ብዬ ወሰድኩት። ትናንት ስታቃስት እንግዶቼ ሰሟትና መለስኩላት። አንድ ብቻ ዋጪ ብያለሁ፣ ወላሂ!»

«እንግዲያስ ራሷን አጥፍታለች» አለ ተውፊቅ።

«ለመሞት የሚውጥ ሰው ነጥብ እየቆጠረ አይሰርዝም። ጾም ያመለጠው ሰው የቀረበትን ቆጥሮ ሌላ ጊዜ በመጾም ቀዷ ያወጣል፤ እሷም የቀረባትን ክኒን ቀዷ አወጣች። የዋጠችው ልትድን ነው። ግን ማን መከራት?»

ሬሕማ ፊቷን ሸፈነች።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ‹ስታፈጥሪ ቀዷሽን አውጪና ተገላገይ› አልኳት። እየሳቅን እኮ ነበር። ጠዋት ፈርቼ ዝም አልኩ።»

ወይንሸት ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። በማወቋ ደስ አላላትም፤ ደከማት እንጂ። ተውፊቅ ወረቀቱን ቀደደና «መድኃኒቷን ተከልክላ ቆይታ፣ በስሕተት ሁሉንም ውጣ» ብሎ አዲስ ጀመረ።

«ስሜንም ጻፈው» አለች ሬሕማ። «ለእናቷ የምደውለው ግን እኔ ነኝ።»

የመዲናን ስልክ ሰጧት፤ ደወለች። ገና ሃሎ ሳትል የእናትየው ድምፅ ሳሎኑን ሞላው።

«መዲናዬ! ጥርስሽ እንዴት አደረልሽ?»