ማንም የማያየው ጎን

ዌንደል ክራውስ ጋራዡ ውስጥ፣ ከአንድ የውድድር መኪና አጠገብ፣ ጭንቅላቱን በመዶሻ ተመትቶ ተደፍቷል። ያገኘችው ጎረቤቱ አይሪን ናት፤ ቅዳሜ ጠዋት ሾርባ ይዛለት መጥታ። አይሪን ሰው ቤት ባዶ እጇን አትገባም፤ ወሬ ሳትይዝም አትወጣም።

በዚህች የአዮዋ ከተማ የሚወዳደር መኪና ሁሉ፣ ዌንደል ከተለጣፊ ፕላስቲክ እየቆረጠ ስምና ቁጥር የሚጽፍበትን ፊደል ይለብሳል፦ ወፍራም፣ ጭራ የሌለው፣ ሊሮጥ እንደተነሣ ሰው ወደ ፊት ያዘነበለ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ደጁን የሚያንኳኳው ፊደል ፈላጊ ብቻ ነበር።

መርማሪ ዳይክስትራ ስትደርስ ሰዉ ገዳዩን መርጦ ጨርሷል። ፖሊሶችም የመኪናውን ሾፌር ዳረንን በካቴና አስረውታል።

«አርብ ረፋድ ስወጣ የመኪናው ግራ ጎን ባዶ ነበር» አለ ረስል። የዌንደልን ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቶ በመቁረጫ ማሽን እንዲወጣ ያደረገው እሱ ነው። «አሁን ግን ፊደል ተለጥፎበታል። እኔ ከወጣሁ በኋላ ዌንደል በሕይወት ነበረ ማለት ነው።»

«ከዚያ ወዲህ የመጣው ዳረን ብቻ ነው» አለች አይሪን። «ከመስኮቴ አይቻለሁ።»

«መስኮትሽ መቼም ሥራ አይፈታም» አላት ረስል።

መርማሪዋ ወደ ዳረን ዞረች። «ተጣልታችኋል አሉ?»

«የመኪናዬን ቁጥር ትልቅ አድርግልኝ ብዬ ብጠይቀው፣ ‹መጀመሪያ መንዳት ልመድ› አለኝ። ሁሌም እንዲህ ነው የምንነጋገረው። አርብ ማታ ባንኳኳ ዝም አለ። ያኮረፈ መስሎኝ ሄድኩ።»

ዳይክስትራ መኪናውን ዞረችው። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የድሮ መኪኖች ፎቶ አንድ በአንድ አየች።

«ረስል፣ ውድድሩን ከየት ሆነህ ነው የምታየው?»

«እንደ ሰው ሁሉ ከተመልካች ወንበር ነዋ።»

ሦስቱንም ከመኪናው ግራ ጎን ፊት ለፊት አቆመቻቸው።

«መኪኖቹ ክቡን የውድድር መንገድ የሚዞሩት ወደ ግራ ነው። ተመልካቹ ከክቡ ውጭ ስለሚቀመጥ በቅርብ የሚያየው ቀኛቸውን ብቻ ነው። ዌንደል ግን በሁለቱም በኩል ፊደሉን ወደ መኪናው አፍንጫ ያዘነብለዋል፤ ፎቶዎቹን እዩ። ለግራው ፊደሉ በተቃራኒው መጋደም አለበት። ዳረን፣ ይህኛውስ?»

«ወደ ጭራው ነው የተጋደመው» አለ ዳረን። «የግራውን እኮ በእጁ ነበር የሚቆርጠው፣ ብቻውን ሲሆን። የውድድር መኪና የሚከፈት በር ስለሌለው በግራው መስኮት ነው የምገባው፤ ሁሌ አየዋለሁ።»

«ቸኩሎ ይሆናላ» አለ ረስል።

«ይህ በእጅ አልተቆረጠም፤ ከቀኙ ጋር አንድ ነው፣ ከማሽኑ የወጣ። ዳረን ቢሆን በየሳምንቱ የሚያየውን አይስትም ነበር። አይሪን ማሽኑን አትነካም። የግራውን ፊደል አስተውለህ የማታውቀው፣ ማሽኑን የምታውቀው አንተ ነህ። ገድለኸው ለጠፍክ፤ ከዚያ ‹ባዶ ነበር› አልክ።»

ረስል ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «ፊደሉን የራሴ ነው ብዬ ለአንድ የስፖርት ልብስ ድርጅት ሰጠሁት። አርብ ለዌንደል ነገርኩት። አልጮኸም። ‹ሁለተኛ እንዳትመጣ› አለኝ፤ ከእኔ ሌላ ለእሱ ብሎ የሚመጣ ሰው እንደሌለ እያወቀ። ጀርባውን ሲሰጠኝ…»

ካቴናው ከዳረን እጅ ወደ ረስል እጅ ተዛወረ።

«መሄድ ትችላለህ» አለችው ዳይክስትራ። ዳረን ግን ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም።

እስክሪብቶዋን አወጣች። «መርዶ የምናረዳው ዘመድ አለው?»

አይሪን በጋራዡ በር በኩል ወደ ቤቷ መስኮት ተመለከተች። ለካ ያንን ሁሉ ጊዜ ከመስኮቷ ስታይ፣ ያየችው ማን እንደሚመጣ እንጂ ማን እንደማይመጣ አልነበረም።

ዳረን ኮፍያውን አወለቀ።

«እኔን አርዱኝ» አለ።