በጥፍር የጠፋ ቀን

«እስቲ ድገሚልኝ ሠርኬ! ወላሂ ጆሮዬን አላመንኩትም!» አለች መስኡዳ።

ሠርክአዲስ ደብዳቤውን እንደገና ቀና አደረገችው። አዲስ አበባ ካለች አንዲት ትንሽ የአንግሊካን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመጣ ነው። ዐይነ ስውሩም ዐይናማውም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ክፍል የሚማሩባት ትምህርት ቤት ናት። ከሐይቅ ከተማ አንድ ተማሪ በነጻ ልትወስድ ፈትናለች፤ ሁለቱም ተፈትነዋል።

«መስኡዳ ሐሰን አልፋለች። ተጠባባቂ፣ ሠርክአዲስ አስረስ።»

ድምፅዋ ሻከረ። እንዴት አይሻክር! ለዐይነ ስውሯ መስኡዳ ያንን ሁሉ ያነበበላት ማን ሆነና? በጦርነቱ ጊዜ የትምህርት ቤታቸው የብሬል መጻሕፍት አንድም ሳይተርፍ ወድመዋል። ከዚያ ወዲህ ሠርክአዲስ እነመስኡዳ ደጅ ተቀምጣ፣ ጉሮሮዋ እስኪደርቅ ስታነብ ከረመች። መስኡዳ እየሰማች ወፍራም ወረቀቷን ነጥብ በነጥብ እየወጋች ትጽፋለች። አሁን እንግዲህ አራሽ ሌላ፣ አጫጅ ሌላ!

«ምዝገባው እስከ መቼ ነው?» መስኡዳ የብሬል መጻፊያዋን አነሳች።

ደብዳቤው ቁልጭ አድርጎ ይናገራል፦ እስከ ነሐሴ ስድስት ካልተመዘገበች ቦታው ለተጠባባቂዋ ይሰጣል። ነሐሴ ስድስት አርብ ነው። ዛሬ ማክሰኞ።

ምላሷን ምን እንደነካው እንጃ። «እስከ ጳጉሜን ሦስት» አለች።

ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። መስኡዳ ጻፈችው።

አባቷ ጋሽ ሐሰን ከሐይቁ ሲመለሱ መረባቸው ገና ውሃ ያንጠባጥባል። ወሬውን ሲሰሙ «አልሃምዱሊላህ!» አሉና፣ «ለመምህራችሁም ደብዳቤውን ላሳየው እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

«ኧረ አባ! ሠርኬ ካነበበችው በቃ!»

ሠርክአዲስ የዚያን ቀን እራት አልበላላት አለ።

በማግስቱ መጥታ ቆመች። መስኡዳ ደጅ ተቀምጣ ፀጉሯን እያበጠረች ነበር። «ነይ እስቲ! አዲስ አበቤ ልሆንልሽ ነው እኮ። ስመጣ አናግርሽ ይሆን?» ብላ ተንከተከተች።

እውነቱን ለመናገር፣ ሠርክአዲስ በዚያች ደቂቃ ዞራ ልትሄድ ምንም አልቀራት። ግን ዐይኗ መስኡዳ ጭን ላይ፣ ከደብዳቤው አጠገብ ካለው የብሬል ወረቀት ላይ አረፈ። ነጥቦቹን በዐይን ማንበብ ከለመደች ቆይታለች። ጳጉሜን ሦስት። የራሷ ውሸት፣ በመስኡዳ እጅ።

«ቀኑን አጥፊው» አለች።

«ለምን?»

«ልክ አይደለም።»

«ተሳስተሽ ነው ያነበብሽው?»

አዎ ብትል ያበቃ ነበር።

«አይ። ቀንቼ ነው።»

የመስኡዳ ማበጠሪያ ፀጉሯ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ጣቷ መስመሩን ፈልጎ አገኘውና ነጥቦቹን አንድ በአንድ በጥፍሯ ደፈጠጠቻቸው።

«አሁንስ? ትቀኛለሽ?»

«አሁንም።»

«ከመጀመሪያው አንብቢው። አንዲት ቃል እንዳትዘልይ» አለች መስኡዳ፤ ድምፅዋ ውስጥ ሳቁ የለም።

ሠርክአዲስ ደብዳቤውን ተቀብላ አጠገቧ ተቀመጠች። «ተጠባባቂ» የሚለው ላይ ስትደርስም አልዘለለችውም። «እስከ ነሐሴ ስድስት ካልተመዘገበች ቦታው ለተጠባባቂዋ ይሰጣል።»

«አርብ?» መስኡዳ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «አባ! መረቡን ተወው! ነገ መንገደኞች ነን!»

ጋሽ ሐሰን እየሮጡ ሲወጡ፣ ሠርክአዲስ ከመሬት የወደቀውን መጻፊያ አንስታ በመስኡዳ መዳፍ ላይ አስቀመጠችላት።

«ጻፊ» አለቻት። «ነሐሴ ስድስት።»