አሥራ ሰባተኛው ስም

ይህን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሕልም ነው እንዳልል ቀን ነበር፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ያለፈው ነሐሴ፣ ቁሐር ሚካኤል። የፎገራ ሜዳ ውኃ ተኝቶበታል። ሩዙ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ደርሷል።

ከአጥቢያው ዘምተው አስከሬናቸው ላልተመለሰ ወታደሮች ሐውልት ቆሞላቸዋል። ከጣሊያን ዘመን እስከ አሁን አሥራ ሰባት ናቸው። በዚያ ቀን በክርስትና ስማቸው እየተጠሩ ፍትሐት ሊደረግላቸው ነው።

አሥራ ሰባተኛው ባለቤቴ ነው፤ መቶ አለቃ ዓለምነህ። "የት እንደደረሰ አይታወቅም" የሚል ደብዳቤ ከመጣልኝ አራት ዓመት ሆነ።

የክርስትና ስሙን የምናውቀው እኔና እናቱ ብቻ ነን። እሳቸው አልሰጥም አሉ። እኔ መጠበቅ ደከመኝ። ከወረታ መጥቼ ለመርጌታ ይሄይስ ነገርኳቸው።

እናቱ እማማ ሰርክ አጠገቤ ቆመዋል።

"ዩኒቨርሲቲ ያስተማረሽ ይኼን ነው? ያልሞተ መቅበር?" አሉኝ በሹክሹክታ።

ወደ መርጌታ ዞርኩ።

መርጌታ የመጀመሪያውን ስም ጠሩ።

"ተክለ ማርያም።"

ሩዙ ውስጥ የሚጮኹት እንቁራሪቶች ጸጥ አሉ።

ከዚያ... ከውኃው መሀል...

"አቤት።"

ሩዝ የሚያርም ሰው መሰለኝ።

ሁለተኛው ስም ተጠራ። ሌላ ድምፅ፣ የልጅ እግር ድምፅ፣ "አቤት" አለ።

መርጌታ ከወረቀቱ ቀና አላሉም። ሕዝቡም ዘወር አላለም።

እማማ ግን ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ።

"ሰማሽ?"

"ዝም ይበሉ፣ እማማ።"

አሥራ ስድስቱም መለሱ፤ ስም በተጠራ ቁጥር እንቁራሪቶቹ ጸጥ ይላሉ፣ ከ"አቤት" በኋላ እንደገና ይጮኻሉ።

የቀረው የዓለምነህ ነው። "አቤት" ካለ... ሞቷል።

"ገብረ ሐና።"

እንቁራሪቶቹ መጮኻቸውን አላቆሙም።

ጠበቅሁ...

ምንም።

"አየሽ?" አሉ እማማ። በአራት ዓመት ውስጥ ፈገግ ሲሉ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። "ልጄ አለ።"

ወዲያው ሩዙ ውስጥ ያሉት ድምፆች መጣራት ጀመሩ።

"ገብረ ሐና..."

"ገብረ ሐና..."

ከየአቅጣጫው። የጠፋ ባልንጀራ እንደሚፈልግ ሰው።

ስሙን ያሰማኋቸው እኔ ነኝ።

የእማማ ፊት ተለወጠ።

"ያገኙታል" አሉ። "እንዲህ እየጠሩ ያገኙታል።"

ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ አጥሩ ሄዱ። ልይዛቸው እጄን ዘረጋሁ... አልደረስኩም።

"አቤት" አሉ እማማ። በልጃቸው ፈንታ።

ጥሪው ቆመ።

ነፋስ አልነበረም። ሩዙ ግን በአሥራ ስድስት መስመር እየተከፈለ፣ ቀስ እያለ... እማማ ወደቆሙበት መምጣት ጀመረ።