ከሒክማ ቤት ሲገባ የሚጠፋው ኮምፒውተር

ስልኩ ሲጮህ ኡዘይር መፍቻውን አስቀምጦ አነሳው።

«ኡዘይር፣ ደግሞ ጠፋ።»

ሒክማ ናት። ድምፅዋን እንደ ሌባ ዝቅ አድርጋለች፤ አባቷ ቤት ሲሆኑ እንዲህ ነው የምታወራው።

«እየሠራሽበት?»

«የደንበኛ የሰርግ ካርድ እያስተካከልኩ ድርግም አለ። ትንሽ ቆይቼ ስነካው ይነሳል፤ ተመልሶ ይጠፋል። አባም አይተዋል።»

«ምን አሉ?»

ከበስተኋላዋ የአባቷ የሐጂ ጀማሉዲን ሳል ተሰማ፤ ስልኩ ተዘጋ።

ኡዘይር ፒያሳ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ከአሥረኛ ክፍል የቀረ የአዲስ ዓለም ሰፈር ሸማኔ ልጅ ነው። ሐጂ ጀማሉዲን ደግሞ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። የኡዘይር አባት የሠሩትን ጋቢ ይዘው ወደ ሐጂ ሱቅ ሲሄዱ ደጅ ቆመው ነበር የሚጠብቁት፤ እዚያ ሱቅ ወንበር የሚቀርበው ለሚገዛ እንጂ ለሚሸምን አይደለም። ኡዘይርም ልጅ ሆኖ አብሯቸው ቆሟል። ሰው የበላበትን ቤት ይረሳ ይሆናል፤ ቆሞ የጠበቀበትን ደጅ ግን አይረሳም።

ታዲያ ልብ ፈቃድ አይጠይቅምና፣ የእኒያው የሐጂ ልጅ አንድ ቀን የኮምፒውተሯን ሳጥን በባጃጅ ጭና ከሱቁ ደረሰች።

«ፎቶሾፕ እስኪከፈት አዘዞ ደርሼ መመለስ እችላለሁ» አለችው።

«ፕሮሰሰሩ ደክሞ ነው። ልቡን እንቀይርለት።»

«ልቡ ተቀይሮ ያው እሱ ይሆናል?»

«እሱማ... እንደ አዲሱ ልብ ነው።»

ሳቀች። እሱ እስከ ጆሮው ጋለ፤ የያዘው ብሎን ከእጁ ወደቀ። ሊያነሳው ሲያጎነብስ እሷም አጎንብሳ ኖሮ፣ ከጠረጴዛው ሥር ዓይን ለዓይን ተያዩ። ብሎኑን ያነሳው የለም።

አዲሱን ፕሮሰሰር ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ገጠመላት። ማሽኑ እንደ ፈረስ ሄደ። ሱቁ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሠራ። ቤቷ ሲገባ ግን ይጠፋል።

ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። ናስር የሚባል የእንፍራንዝ ባለወፍጮ ሒክማን ለሚስትነት ጠይቋል። ሐጂም ለልጃቸው «ሥራ አለኝ ካልሽ ሥራሽን አሳይኝ። ዕቃው ከሠራ ናስርን ቆይ እለዋለሁ፤ መጫወቻ ከሆነ ግን ቤትሽ እንፍራንዝ ነው» ብለዋት ነበር። ማሽኑ በጠፋ ቁጥር ሒክማ ወደ እንፍራንዝ ትጠጋለች።

ኡዘይር ያልሞከረው የለም። ፋኑን ፈታ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን የማቀዝቀዣ ቅባት ጠርጎ አደሰ፣ ራሙን ለወጠ። መብራቱን ጠርጥሮ ስታቢላይዘር ተሸክሞ ሄደ። እሱ ቁጭ ብሎ ሲጠብቀው ይሠራል፤ ገና ፒያሳ ሳይደርስ ስልኩ ይጮሃል። «አቃጥዬው ይሆን? ወይስ የሸጠልኝ ሰው ለሞት የቀረበ ዕቃ ሰጥቶኝ ይሆን?» እያለ ራሱን ይጠይቃል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ግን ሒክማ ራሷ «ሆን ብሎ ነው» ብላ የምትጠረጥርበት ቀን ነበር።

የዚያን ዕለት ስልኩ እንደተዘጋ ሱቁን ቆልፎ ሮጠ። በር የከፈቱለት ሐጂ ናቸው።

«አንተ ልጅ፣ ምነው ይህ ዕቃ አንተ ስትኖር ይድናል፣ ስትሄድ ይታመማል?»

«እኔም አልገባኝ፣ ሐጂ።»

«ለኔ ገብቶኛል። ልጄን ለማየት መመላለሻ አድርገኸዋል። ነገ ናስር ይመጣል። ዛሬ ካላዳንከው በዚህ በር ዳግም እንዳላይህ።»

ሀብታም ቢያጠፋ ሳያውቅ ነው፤ የድሃ ልጅ ቢያጠፋ ተንኮል ነው። የመፍቻ ቦርሳውን አንግቦ ገባ።

እንደ ወትሮው ቢሆን የሒክማ እናት ወይዘሮ ዐዚዛ «ቆይ ላመቻችልህ» ብለው ቀድመውት ይገቡ ነበር። ዛሬ ግን ጎረቤት ለቅሶ ሄደዋል። ስለዚህ ማሽኑን እንደሚውልበት ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ አየው። ከአናቱ እስከ ታች፣ ፊትም ኋላም፣ ጥቅጥቅ ብሎ የተሠራ ነጭ ዳንቴል ለብሷል፤ ከዳንቴሉ ሥር ደግሞ አቧራ እንዳይገባበት ላስቲክ።

እጁን ሰደደ። ያቃጥላል።

አሮጌው ፕሮሰሰር ቀዝቃዛ ስለነበር ታፍኖም ይኖር ነበር። አዲሱ ኃይለኛ ነው፤ ሲሠራ ይግላል፣ አየር ካጣ ራሱን ያጠፋል። ኡዘይር ዳንቴሉንም ላስቲኩንም ገፈፈው።

«ይሄ ሁልጊዜ አለ?» ሲል በሹክሹክታ ጠየቃት።

«እማ ናት የሠራችው። አንተ ስትመጣ ታነሳዋለች...» ሒክማ ፊቷ ቀላ። «እጅህ እንዳያቆሽሸው ብላ።»

በዚህ መሃል ወይዘሮ ዐዚዛ ገቡ። ሐጂም ተከትለዋቸዋል።

«እህ? ምን አገኘህ?» አሉ ሐጂ።

መልሱ ከምላሱ ጫፍ ደረሰ። የዚያ ሁሉ ንቀት ብድር የሚመለስበት ቀን ይኸውና! ቀና ሲል ግን ወይዘሮ ዐዚዛን አየ። የጋለውን ማሽን በመዳፋቸው ነክተውታል፤ ነገሩ ገብቷቸዋል። ፍርሃት ሀብታም ድሃ አይልም፤ ከንፈራቸው ደርቆ ባላቸውን ያያሉ።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሐጂ» አለ። «ፋኑን አላልቼ ገጥሜው ነበር። ይሄ ልብስ አይመለስበት እንጂ ከእንግዲህ አይጠፋም።»

«አላልኩም! ካንተው ኖሯል። በል ውጣ።»

መፍቻዎቹን ወደ ቦርሳው ከተተ። ማሽኑ ዳነ፤ እሱ ተባረረ። የበሩን ደፍ ሊያልፍ ሲል ከኋላው፣

«አባ፣ ዋሽቷል!» አለች ሒክማ። «ያፈነው ዳንቴሉ ነው። እማ እንዳታፍር ብሎ ነው።»

ሐጂ ወደ ሚስታቸው ዞሩ።

«እውነቷን ነው» አሉ ወይዘሮ ዐዚዛ። «እኔ እጁን ተጸየፍኩ፤ እሱ ስሜን ጠበቀልኝ። ወላሂ፣ ለናስር ልጅ የለኝም።»

ሐጂ ጥለው ወደ ጓዳ ገቡ። ሒክማ ግን ሻሿን አስተካክላ፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየ፣ እስከ ውጭ በር ሸኘችው።

«ፈርተሃል?»

«እንዴታ! አንቺስ?»

«እኔም። ግን ሽማግሌ ላክ።»

«ቢመልሷቸውስ?»

«ደግመህ ላካ! ለአንድ ማሽን ስንቴ ነው የተመላለስከው?»

ማሽኑ ስለሠራ ሐጂ ናስርን «ቆይ» አሉት፤ የኡዘይርን ሽማግሌዎች ግን መለሱ። ደግመው መለሱ። በሦስተኛው ወይዘሮ ዐዚዛ ገቡበትና ሐጂ እሺ አሉ።

የኒካሁ ዕለት ወንዶቹ ሳሎን፣ ሴቶቹ ጓዳ ተቀመጡ። እማኞቹ የሙሽራዋን ፈቃድ ሊጠይቁ ወደ ጓዳው ገቡ። በሰፈሩ ወግ ሙሽራ አፍ አውጥታ አትናገርም፤ ዝም ካለች ፈቅዳለች ነው። ኡዘይር ይህን እያወቀ ላቡ በጀርባው ወረደ። ሐጂ ከጎኑ ተቀምጠዋል፤ ዞር ብለው አያዩትም። ጓዳው ጸጥ አለ። ጸጥታው ረዘመ። «ተጸጽታ ቢሆንስ?» አለ በሆዱ። «አሁን ትዝ ብሏት ቢሆንስ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ?» አንገቱን ደፋ።

ድንገት የሒክማ ድምፅ ግድግዳውን ጥሶ መጣ፦

«ወድጄ ነው! ካልተሰማ ልድገመው?»

ጓዳ ያሉት አሮጊቶች «ኤዲያ! ይህቺ ልጅ አታፍርም እንዴ!» እያሉ ሲንጫጩ፣ ሐጂ ጀማሉዲን ሳቃቸው አመለጣቸው።

ኡዘይር ቀና አለ።