የጉዲቱ ግለ ሂስ

ጉዲቱ ራሷን ስታውቅ በቡጢ የመታቻት የክፍል ጓደኛዋ እናትነሽ መሬት ላይ ተቀምጣ አፍንጫዋን ይዛ ነበር፤ በጣቶቿ መሃል ደም ይወርዳል። እናትነሽ «እናት አገር ጠራችው እንጂ ማን ነካው?» ከማለቷ በቀር ያደረገችው ነገር የለም። ያለችው ስለ ጉዲቱ ወንድም ስለ ፈይሳ ነው። የናዝሬት ጋሪ ነጂ ነበር። ባለፈው ወር የእናትነሽ አባት፣ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ጠባቂዎች አስከትለው መጥተው ከአልጋ ስር ጎትተው ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ።

የትምህርት ቤቱ ዩኒት ሊደር ጋሽ አስፋው ሰው በቀላሉ የሚለቁ አይደሉም። ጉዲቱ በሰልፍ ላይ ጥፋቷን አምና ግለ ሂስ ካላደረገች የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ እንደማትፈተን ነገሯት። በየማክሰኞውም ጠባይዋ እንዲታረም የትምህርት ቤቱ ነርስ ሲስተር ዘመናይ ዘንድ እንድትሄድ አዘዙ።

ማረሙ ግን እንደፈራችው ስብከት አልሆነም። ሲስተር ቁጣው ሲመጣ መጀመሪያ የት እንደሚሰማት ጠየቋት። እጇ እንደሚሞቃት ነገረቻቸው። እንግዲያው እጅሽ ሲሞቅ ቆም ብለሽ በደንብ ተንፍሺ አሏት። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ቁጣ በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው። ከበሩ ኋላ ማን አለ?»

«ፈይሳ አይመለስም» አለች ጉዲቱ፤ ከዚያም አለቀሰች። ፈይሳ ከተወሰደ ወዲህ እንደዚያ ቀሏት አያውቅም። ሲስተር የሚያድንሽ እውነቱን መናገር ነው ሲሏት አመነቻቸው።

አርብ ጠዋት ባንዲራው ከተሰቀለ በኋላ ከሰልፉ ፊት ቆመች። በንዑስ ከበርቴ ስሜት ተነሳስታ ጓዷን መምታቷን ጽፈው እንደሰጧት ተናገረች፤ ንዑስ ከበርቴ ምን ማለት እንደሆነ ግን አታውቅም። ለጋሽ አስፋው አልበቃቸውም።

«ለምን መታሻት? ምክንያቱን ለጓዶችሽ አስረጂ።»

እጇ ሞቀ። እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። ሲስተር ዘመናይን በዓይኗ ፈለገቻቸው፤ ከመምህራኑ መሃል ቆመዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። ራሳቸውን በትንሹ ወዘወዙ፤ አትናገሪ ማለታቸው ነው። ሲስተር ፈርተዋል። ጉዲቱን ከምንም በላይ ያንገበገባት ይኼ ነው።

በደንብ ተነፈሰች።

«ምክንያት የለኝም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሰልፉ አጨበጨበ።

ማክሰኞ ሲስተር «ያን ዕለት እኔ...» ብለው ጀመሩና በኮሪደሩ ሰው ሲያልፍ አቆሙ። ጉዲቱ እንዲጨርሱት አልፈለገችም። ሰውየው እስኪርቅ ጠበቀች።

«ሲስተር፣ ከእንግዲህ አልመጣም። ድኛለሁ።»

ውሸት መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። ሲስተር አይተው አይተዋት «ጥሩ ነው፣ ልጄ» አሉ።

ደወል ሲደወል ጉዲቱ ክፍል ገባች። ዴስኳ ከእናትነሽ ጋር ነው። እናትነሽ ጠጋ አለችላትና ያመለጣትን የፖለቲካ ትምህርት እንድትገለብጥ ደብተሯን ወደ መሃል ገፋችላት። ጉዲቱ ተቀመጠች፤ እስክሪብቶዋን አውጥታም መገልበጥ ጀመረች።